ትንሽ ካሜራና የሰው ፊት

(የማኅበራችን የፎቶግራፍ ክፍል አባሎች በተማሪዎች አዳራሽ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ እፊታችሁ የቆምነው በእጅ መዳፍ ውስጥ ስለምትገባ አንዲት ዲጂታል ካሜራ ልንነግራችሁ ነው። ንግግራችን በወረቀት ታትሞ ለሚደርሳቸው አንባቢዎች ግን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሰቀልናቸውን ፎቶግራፎች የማኅበራችን ማባዣ መኪና ሊያወጣቸው አይችልም፤ ባለፈው ዓመት አንዱን በስቴንስል ለማውጣት ሞክረን የወጣልን የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንባቢው ወይ ቃላችንን ይመን፥ ወይ መጥቶ ይመልከት።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። ማኅበራችን ካቻምና ባደረገው ስብሰባ፥ በጡረታ የሚሰናበቱትን የግቢያችንን ሠራተኞች፥ ዘበኞቹን፥ የወጥ ቤትና የጽዳት ሠራተኞቹን፥ ፎቶግራፍ እያነሣ በአዳራሹ እንዲሰቅል ወሰነ። ውሳኔው መልካም ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም። ሌንሳቸው የሚፈታውን የትልልቆቹን ካሜራዎች ዋጋ ጠይቀን ዝም ብለን ተመለስን። በመጨረሻም ከየኪሳችን አዋጥተን አንዲት ያገለገለች ትንሽ ካሜራ ገዛን።

የመጀመሪያው ተነሺ የታችኛው በር ዘበኛ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም «አባባ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከሥራ ባልደረባቸው ኮት ተውሰው፥ ነጭ ነጠላ ደርበው፥ በቀጠሮው ሰዓት ከተፍ አሉ። እኛም በቀትር፥ ልክ በ6 ሰዓት፥ እነጭ ግድግዳ ሥር አቆምናቸውና ካሜራዋን ወደ ፊታቸው አስጠግተን በ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት አነሣናቸው። በካሜራዋ መስኮት ላይ ስናሳያቸው ጥቂት ተመለከቱና «ልጆቼ፥ ይኼ የሚፈለግ ሰው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉን። እኛም ሳቅን፤ «አባባ፥ በሚመጣው ሳምንት እንደግመዋለን» አልናቸው። በሚመጣው ሳምንት ፈተና ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የፈተና ድካም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አባባ በድንገት ታመው ዐረፉ።

የበኩር ልጃቸው ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጥታ «አባታችንን አንሥታችኋቸዋል ሲሉ ሰማን» ብላ ጠየቀችን። በቤታቸው የተገኘው በመታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፥ እሱንም ማኅተሙ ግማሹን ሸፍኖታል። እንግዲህ ያለን ያው ነበርና ሰጠናት። ከመስጠታችን በፊት ግን ሌሊቱን ሙሉ በኮምፒዩተር ፊታቸውን ለማብራት ስንታገል አደርን። ጠቁሮ የቀረው የፎቶግራፍ ክፍል በግድ ሲበራ ፊት አይሆንም፤ አሸዋ የተበተነበት መሬት ይሆናል። በማግሥቱ ያ ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ ከሬሳው ፊት ተይዞ ሄደ። እኛም ከለቀስተኛው ጋር ቆመን አየነው። ዓይናቸው በጥላ ተሸፍኗል፤ አፍንጫቸው ከልኩ በላይ ተልቋል፤ ነጩ ነጠላቸው ግራጫ፥ ፊታቸው ጥላሸት መስሏል። ይህን ያደረገችው ካሜራዋ አልነበረችም፤ እኛ ነበርን። አሁን የምንነግራችሁ ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርነውን ነው።

ከርቀቱ እንጀምር። ብዙ ሰው «አፍንጫ የሚያተልቀው ሌንሱ ነው» ይላል፤ እኛም እንዲሁ እናምን ነበር። ዳሩ ግን የሚያተልቀው ቅርበቱ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፥ ከጆሮው 52 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። 52 ለ40 ሲካፈል 1.3 ነው፤ ይኸውም አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 30 እጅ ተልቆ ይወጣል ማለት ነው። 2 ሜትር ርቀን ብንቆም ግን 212 ለ200 ይሆናል፤ ልዩነቱ ከመቶ 6 እጅ ብቻ ነው። (የሒሳብ መምህሮቻችን ስሕተት ያገኙብን እንደ ሆነ በጓሮ በር ይንገሩን።) ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ሲጨዋወት የሚራራቀው ከ1 እስከ 2 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ዓይናችን «ይህ እገሌ ነው» ብሎ የሚያውቀው በዚያ ርቀት የሚያየውን ፊት ነው። አባባ «እኔ አይደለሁም» ማለታቸው ልክ ነበር፤ ለመሳም ካልሆነ በቀር ማንም በዚያ ቅርበት አይቷቸው አያውቅም።

ወደ ኋላ ሲሄዱ ሰውየው በመስኮቱ ውስጥ ያንሳል፤ ዙም የተሠራው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለች ካሜራ ስትከፈት ሌንሷ የሚቆመው በሰፊው በኩል ነው፤ በድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ልክ ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የፎቶ ባለሙያዎች ለፊት የሚመርጡት ግን ከ85 እስከ 105 ያለውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንቆማለን፤ ከዚያ በኋላ ዙሙን እናስረዝማለን። በኛ ክፍል ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ አባል የሻይ ይከፍላል፤ እስካሁን የተጠጣውን ሻይ ብንቆጥረው ሌላ ካሜራ ይገዛ ነበር። ዲጂታል ዙም የሚባለው ደግሞ ፎቶግራፉን በመቀስ ቆርጦ እንደ ማስፋት ያለ ነገር ነውና ዘግተነዋል።

ይህ ነገር ዋጋ አለው። ዙሙ ሲረዝም የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ካሜራዋም ቀዳዳዋን ለረጅም ጊዜ ከፍታ ለመቆየት ስለምትገደድ እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ፎቶግራፉ ይደበዝዛል። የኛዋ በዓይን የሚያዩባት ቀዳዳ ስለሌላት፥ እንደ መስተዋት ከፊት አርቀው ይይዟታልና መንቀጥቀጡ ይብሳል። መድኃኒቱ ክርንን ከጎን ማጣበቅ፥ ጀርባን ከግድግዳ ማስደገፍ፥ ወይም ካሜራዋን በርጩማ ላይ አስቀምጦ የ2 ሴኮንዱን መዘግየት መጠቀም ነው። ቁልፉንም በአንድ ጊዜ መድፈቅ አይገባም። እስከ ግማሽ ተጭነው ዓይኑ ላይ እስክታነጣጥር ይጠብቋታል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪውን በቀስታ።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወራት ቢሆን ከአናታችን ብዙ አትርቅም። እንዲህ ያለ ብርሃን ግንባርን አብርቶ ዓይንን በጉድጓድ ውስጥ ይጥላል። ደመናማ ቀን የፎቶግራፍ ጠላት ይመስለን ነበር፤ አሁን ግን ደመና ስናይ ካሜራዋን ይዘን የምንሮጥ ሆነናል። ደመና በሌለ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ አለ። ተነሺው ከጥላው ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ርምጃ ገብቶ፥ ፊቱን ወደ ሰማዩ ብርሃን አዙሮ ይቀመጣል። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ጥቂት ዘንበል ብሎ ሲመጣ የጉንጩ ቅርጽ ይወጣል፤ በዓይኑም ውስጥ የሰማዩ ነጭ ነጥብ ይታያል። ያ ነጥብ ከሌለ ሰውየው የታሰበ እንጂ ያለ አይመስልም። ከአገጭ በታች ለሚቀረው ጥላ ነጭ አንሶላ በጉልበቱ ላይ እንዘረጋለን፤ አንሶላው ብርሃኑን መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል። ዋጋው የአጠባው ሳሙና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ ማንሣት ይገባናል። የማሊው ሴይዱ ኬይታ በልጅነታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 ኮዳክ ብራውኒ የምትባል ርካሽ የሣጥን ካሜራ ከአጎታቸው አገኙ። ሙያቸው አናጢነት ነበር። በ1948 በባማኮ ፎቶ ቤት ከፈቱ፤ በግቢያቸው ውስጥ በቀን ብርሃን ያነሡ ነበር፤ ከተነሺው በስተኋላ የሰቀሉት የመጀመሪያው መጋረጃም የራሳቸው የአልጋ ልብስ ነበር። ዛሬ እነዚያ ፎቶግራፎች በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። እኛ ራሳችንን ከሳቸው ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ነገር ግን «ካሜራችን ርካሽ ስለ ሆነ ነው» የሚለውን ማመኻኛ ከአፋችን የነጠቁን እሳቸው ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ግን የፊት መጥቆር ነው። ካሜራ ሰውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የብርሃን መጠን ነው። የሚያየውን ሁሉ አደባልቆ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይጥራል። ነጭ ግድግዳና ነጭ ነጠላ በበዙበት ቦታ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ሁሉንም ያጨልማል፤ ነጩ ግራጫ፥ ጠይሙ ጥቁር፥ ጥቁሩ ጥላሸት ይሆናል። አባባን ያገኛቸው ይህ ነው። በብዙ ካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ማስተካከያ አለ። ነጭ በበዛበት ቦታ አንድ እርከን ያህል እንደምራለን፤ እንዲያውም ነጩን ግድግዳ ትተን ፈዘዝ ያለ ቡናማ ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ብልኅ የሆንን መስሎን ካሜራዋ ፊቱን ብቻ እንድትለካ አደረግን። ያን ጊዜ ተቃራኒው ደረሰብን፤ የጠቆረውን ፊት ወደ መካከለኛ ግራጫ ልታወጣው ስትጥር መልኩ ነጣ፥ ገረጣ። ጥቁር ፊት በፎቶግራፍም ጥቁር መሆን ይገባዋልና እንዲህ ሲለካ ጥቂት መቀነስ ያሻል። አንዲት የወጥ ቤት እናታችን የነጣውን ፎቶግራፏን አይታ «ይኼ ደግሞ ዱቄት ስነፋ የተነሣሁት ነው?» አለችን። ሰውን አጥቁሮ ማበላሸትና አንጥቶ ማስዋብ ሁለቱም አንድ ዓይነት ውሸት መሆኑን ከርሷ ተማርን።

ከአባሎቻችን አንዱ «ካሜራ የተሠራው ለነጭ ነው» እያለ ይከራከር ነበር። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉት ነበር። ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን ለይቶ እንዲያወጣ ከገፋፉት መካከል የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ይገኙበታል፤ የቸኮላታው ዓይነትና የእንጨቱ ጅማት አልለይ ብሎባቸው አቤት ስላሉ። ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሴቶች በአንድ ካርድ ላይ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ቸኮላታው ከሰው ቀድሞ ጠበቃ አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ ከፊልም ጋር አብሮ ያለፈ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ፥ ፊትን አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ የታወቁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን መረመሩ። በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፥ በጠቆሩ ሴቶች ላይ እስከ ከመቶ 34.7 ደረሰ። የኛዋም ካሜራ ፊት ፈልጋ ቢጫ አራት ማዕዘን የምታሠምርበት ዘዴ አላት። አንድ ቀን በደብዛዛ ብርሃን የተቀመጠውን ጓደኛችንን ትታ ከበስተኋላው የተለጠፈውን የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ መረጠች። ከዚያ ወዲህ ትኩረቱን ራሳችን እንመርጥላታለን።

የፎቶግራፍና የመታወቂያ ነገር ከተነሣ፥ አባባ «የሚፈለግ ሰው» ያሉት ቃል ብዙ ጊዜ ይታወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የፖላሮይድ ኩባንያ ሠራተኞች የነበሩት ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊልያምስ፥ የኩባንያቸው ፎቶግራፍ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ይዘውት እንዲዞሩ ለሚገደዱበት የይለፍ ደብተር እንደሚያገለግል ደረሱበት፤ ተቃውሞም አስነሡ። ኩባንያውም በ1977 ከዚያ አገር ሽያጩን አቋረጠ። ፊትን ለመቆጣጠር ማንሣትና ፊትን ለማክበር ማንሣት በአንድ ዓይነት ካሜራ ይሠራሉ። ሰው በካሜራ ፊት ቀጥ ብሎ፥ ትንፋሹን ይዞ፥ እንደ ተከሳሽ የሚቆመው የለመደው ጉርድ ፎቶግራፍ ስለ ሆነ ነው ብለን እናምናለን።

ታዲያ ይህን እንዴት እናፍታታው? ትንሽነቷ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ካሜራ የአንሺውን ፊት ይሸፍናል፤ ትንሿ ግን ከደረት ላይ ስለምትያዝ ተነሺው የሚያየው ሰው ነው፤ እኛም እናየዋለን፤ ጨዋታውም አይቋረጥም። ድምፅም የላትም። ስለ ሥራቸው እንጠይቃቸዋለን። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተማሪዎች ከአልጋ ሥር የሚጥሉትን ነገር ስትዘረዝርልን የተነሣችው ፎቶግራፍ ያውና በግራ በኩል ተሰቅሏል፤ ያላፈረ ተማሪ ቀርቦ ይያት። «ሳቁ» ማለትን ግን ከልክለናል። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው ኮስተር ብለው መነሣት የሚፈልጉ አዛውንቶች አሉ፤ ያ ክብራቸው ነው። ከአንገት በላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ቁመታቸው፥ ከነ ጫማቸው መነሣት የሚወዱም አሉ፤ ጫማውን የገዛችላቸው ልጅ ናትና።

የካሜራዋን ጉድለት መደበቅ አንፈልግም። ብርሃኑን የምትቀበልበት ገጽ 6 በ4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የጣት ጥፍር አይሞላም። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ገጽ ግን 36 በ24 ነው፤ በስፋት ቢሰላ 30 ጊዜ ያህል ይበልጣታል። በጨለማ ውስጥ ፎቶግራፉ አሸዋ የሚለብሰው፥ ከሰውየው በስተኋላ ያለው ቧንቧና የልብስ ገመድ ሁሉ ጥርት ብሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የኋላውን ማደብዘዝ ካልቻልን የኋላውን መጥረግ እንችላለን፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ በፊት አንዱ አባላችን መጥረጊያ ይይዛል። የሜጋፒክስል ወሬ አያስጨንቃችሁ፤ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ወረቀት 2 ሜጋፒክስል ይበቃል። ብልጭታውንም ዘግተነዋል፤ ከሌንሱ ጋር ስለተጣበቀ ፊትን ጠፍጣፋ፥ ዓይንን ቀይ ያደርጋል።

ከንግግሩ በኋላ አንድ መምህራችን «ሁላችሁም በኪሳችሁ ስልክ ይዛችሁ ለዚህች ምን አደከማችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓለምም የመለሰው እንደሳቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ100 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ካሜራዎች ለገበያ ሲቀርቡ በ2023 ከ2 ሚሊዮን በታች ሆነዋል። ስልኩ በደብዛዛ ብርሃን እንደሚበልጣትም አንክድም። ነገር ግን በብዙዎቻችን ስልክ ላይ ያለው ሌንስ ሰፊው ብቻ ስለ ሆነ እየገፋ ያስጠጋናል። አንዳንዱ ስልክም ሳይጠየቅ ቆዳን ያለሰልሳል፥ መልክን ያነጣል፤ የ60 ዓመት ሰው ሽብሽብ የሠራበትን ዘመን አጥፎ ይሰጠናል። ደግሞም ስልኩ በመካከሉ ይጠራል። ሌላ ጠያቂ ደግሞ «ፎቶግራፉ የማን ነው?» አለን። የተነሣው ሰው ነው። አትስቀሉኝ ያሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አልሰቀልናቸውም። ሁሉም ግን አንድ አንድ ወረቀት ላይ የታተመ ቅጂ በእጃቸው ተቀብለዋል። በፍላሽ ሰጥተን በቫይረስ የጠፋባቸው ስለነበሩ አሁን የምንሰጠው ወረቀት ነው።

እስካሁን 14 ሰዎች አንሥተናል። በዚህ ዓመት ጡረታ ከሚወጡት 5 ይቀራሉ፤ ከነሱም መካከል አንዱ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ በሽታ ላይ ስለ ሆኑ፥ እስኪድኑ ሳንጠብቅ፥ ከፈቀዱልን በቤታቸው ሄደን እናነሣቸዋለን። ፈቃዳቸውን ትናንት በልጃቸው በኩል ልከንባቸዋል። ሌሎቹን የምናነሣው በሚመጣው ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ነው። የሚጎድለን ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ንጹሕ ነጭ አንሶላና ለካሜራዋ ትርፍ ባትሪ። አንሶላ የሚያውሰን ቢኖር ታጥቦ ይመለስለታል። ባትሪው ግን ሲሞላ ያድርና ከ60 ፎቶግራፍ በኋላ ይደክማልና፥ ተመሳሳዩን ያየ ሰው በማኅበሩ ቢሮ ለክፍላችን ጸሐፊ ቢነግርልን እናመሰግናለን።